አፍንጫ ደፍጣጣ ትንሽ ውሻ ማሳደግ በአሜሪካ ምን ያህል ያስወጣል?

ፈረንች ቡልዶግ የሚባለው፣ ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ ደፍጣጣ፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ ትንሽ ውሻ በአሜሪካ እጅግ ተፈላጊ ከሆኑት የውሻ ዘሮች አንዱ ነው። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የተባለው የውሻ ዘር መዝጋቢ ድርጅት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2022 ከመዘገባቸው ውሾች መካከል በቁጥር አንደኛ የወጣው ይኸው ዘር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለ31 ተከታታይ ዓመታት ቀዳሚውን ቦታ ይዞ የቆየው ላብራዶር ሪትሪቨር ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በላስ ቬጋስና ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ሌሎች ከተሞችም፣ እዚያው የተወለዱ ልጆች «ውሻ ግዙልን» ብለው ወላጆቻቸውን ሲወተውቱ በስልካቸው የሚያሳዩት ፎቶግራፍ የዚህ ውሻ ወይም ፐግ የተባለው የሌላው ደፍጣጣ ፊት ትንሽ ውሻ መሆኑ እየተለመደ መጥቷል።

ወላጆች በዚህ ጊዜ የሚጠይቁት «ስንት ነው?» ብለው ነው። ለፈረንች ቡልዶግ ቡችላ የሚጠየቀው ዋጋ እንደየሻጩ ቢለያይም በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል፤ ቀለሙ «ብርቅ ነው» ከተባለም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ይህ ገንዘብ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ ከሚጠይቀው አጠቃላይ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ክፍል ነው። ከዚህ በታች ለማስረዳት የምሞክረው ቀሪው ወጪ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን አስቀድሞ ሊገመት እንደሚችልና አንድ ቤተሰብ ውሳኔ ላይ ከመድረሱ በፊት ምን ማጣራት እንደሚገባው ነው። ስለ ገንዘብ ስጽፍ ስለ ውሻው ሥቃይም መጻፌ አይቀርም፤ ምክንያቱም በዚህ ዘር ላይ ሁለቱ ተለያይተው አይሄዱም፤ የባለቤቱን ኪስ የሚያራቁተው ነገር ውሻውን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ያው ነገር ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የራስ ቅሉ አጥንት ነው። የፈረንች ቡልዶግ፣ የፐግ፣ የቦስተን ቴሪየር፣ የፔኪኒዝና የሺ ዙ የፊት አጥንት፣ አርቢዎች ለብዙ ትውልድ አጭር ፊት ያላቸውን እየመረጡ በማዳቀላቸው ምክንያት በጣም አጥሯል። በስኮትላንድ ኤድንብራ የሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ስሞክ2 የተባለው ዘረመል ላይ የሚታይ ለውጥ ለፊት ማጠር ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። ችግሩ ግን አጥንቱ ሲያጥር በውስጡ ያለው ሥጋ አብሮት በዚያው መጠን አለማነሱ ነው። ምላሱ፣ ለስላሳው ላንቃ፣ በአፍንጫ ውስጥ ያሉት አየር የሚያሞቁና የሚያረጥቡ እጥፋቶች፣ እንዲሁም የፊቱ ቆዳ ለረጅም ፊት የሚበቃ መጠናቸውን እንደያዙ በጠባብ ቦታ ውስጥ ይታጨቃሉ። ላንቃው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ረዝሞ የማንቁርቱን በር ይሸፍናል፤ የአፍንጫው ቀዳዳዎች እንደ ስንጥቅ ይጠባሉ፤ ከተረፈው ቆዳ ደግሞ በአፍንጫው ላይና በዓይኑ ሥር የሚታየው እጥፋት ይፈጠራል። የአንድ ጎልማሳ ውሻ ጥርሶች 42 ናቸው፤ መንጋጋው አጠረ ተብሎ ቁጥራቸው ስለማይቀንስ እርስ በርሳቸው እየተደራረቡና እየተጣመሙ ይበቅላሉ።

ከዚህ አጥንት በኋላ የሚመጡትን የሕክምና ሂሳቦች አብዛኞቹን ከዚሁ ከአንዱ ምክንያት መምዘዝ ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሰው የዚህን ዘር ውሻ ገዝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቅ ሂሳብ ሲመጣበት «ዕድሌ ነው» ቢል እውነቱን አልደረሰበትም፤ ሂሳቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውሻው ፊት ላይ ይታይ ነበር።

ትንፋሹ

በእንስሳት ሕክምና ውስጥ በደፍጣጣ ፊት ምክንያት የሚመጣው የአየር መተላለፊያ መዘጋት ራሱን የቻለ የሕመም ስም ያለው ሲሆን፣ ሐኪሞች በአጭሩ ቦአስ ይሉታል። ሕመሙ በጊዜ እየባሰ የሚሄድበትን ምክንያት ለመረዳት በቀጭን ቱቦ ወፍራም በሶ ለመጠጣት የሞከረን ሰው ማሰብ ይበቃል፤ በኃይል በሳበ ቁጥር ቱቦው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ በዚያው ልክም መተላለፊያው ይብስ ይጠባል። ውሻውም አየር ለማግኘት ከልክ በላይ በኃይል ስለሚስብ፣ በማንቁርቱ አጠገብ ያሉት ትንንሽ ከረጢቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ መተላለፊያው ይገለበጣሉ፤ ሁኔታው ሳይታከም ከቆየ የማንቁርቱ ልም አጥንት ራሱ እየደከመ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ገና በወጣትነቱ የአፍንጫውን ቀዳዳ በማስፋትና ላንቃውን በማሳጠር ሊረዳ ይችል የነበረ ውሻ፣ ነገሩ ወደዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚድን አይደለም።

ይህን ቀዶ ሕክምና በአሜሪካ ለማሠራት፣ እንደ ከተማው፣ እንደ ሐኪሙ ሙያና እንደ ጉዳቱ መጠን፣ ከ2,000 እስከ 6,000 ዶላር ገደማ ሊያስፈልግ ይችላል። ልዩነቱ የሚሰፋው አንዳንዱ ውሻ የአፍንጫ ቀዳዳው ብቻ ሲሰፋለት ሌላው ላንቃውና ከረጢቶቹም መቆረጥ ስላለባቸው፣ ደግሞም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉሮሮው ሊያብጥ ስለሚችል ሌሊቱን ሙሉ ባለሙያ በሚጠብቅበት ሆስፒታል ማደር ስለሚኖርበት ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን በወጣትነቱ፣ ምናልባትም ከማምከኛው ጋር በአንድ ማደንዘዣ እንዲሠራ ከመከረ፣ ምክሩ የባለቤቱንም ገንዘብ የውሻውንም ማንቁርት ለማዳን የታሰበ ነው።

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር የሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ውሾቻቸው ግልጽ የሆነ የትንፋሽ መዘጋት ምልክት ከሚያሳዩባቸው ባለቤቶች መካከል 58 በመቶዎቹ «ውሻዬ የመተንፈስ ችግር የለበትም» ብለው መልሰዋል። ሰዎቹ ውሾቻቸውን የማይወዱ ወይም የሚዋሹ አልነበሩም። ማንኮራፋቱን፣ ማጓራቱን፣ ከአጭር መንገድ በኋላ መሬት ላይ መዘርጋቱን «የዘሩ ጠባይ ነው» ብለው ተቀብለውት ነበር። በማኅበራዊ መገናኛ የሚሰራጩት ቪዲዮዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ፤ ተቀምጦ እንደ ሰው የሚያንቀላፋው ቡልዶግ ብዙዎችን ያስቃል፣ ነገር ግን አንዳንድ ውሾች ተቀምጠው ወይም አገጫቸውን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስደግፈው የሚተኙት፣ አንዳንዶቹም አሻንጉሊት በአፋቸው እንደያዙ የሚያሸልቡት፣ ሲጋደሙና አፋቸው ሲዘጋ አየር ስለሚያጥራቸው ነው። ውሻ ነቅቶ በተረጋጋበት ሰዓት የትንፋሹ ድምፅ ከሌላ ክፍል መሰማት የለበትም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማወቅ ብቻ ብዙ ውሾችን ከሥቃይ፣ ብዙ ቤተሰቦችንም ዘግይቶ ከሚመጣ ትልቅ ሂሳብ ያድናል ብዬ አምናለሁ።

የትንፋሹ ጉዳይ ወደ ሌሎች ወጪዎችም ይገባል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልብም፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋነኛነት በማለክለክ፣ ማለትም በምላሱና በአፍንጫው ውስጥ ያለውን እርጥበት በትንፋሽ በማትነን ነው። የአፍንጫው ውስጥ የታጨቀ ውሻ ይህን በሚገባ ማድረግ አይችልም፤ በኃይል ማለክለኩ ራሱም ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥርበታል። በ2020 በብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በታተመ ጥናት፣ ፈረንች ቡልዶግ በሙቀት የመመታት ዕድሉ ከላብራዶር ጋር ሲነጻጸር ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የተደረገው ቀዝቃዛ በሆነችው ብሪታንያ መሆኑን ልብ ይሏል። በላስ ቬጋስ ወይም በዳላስ የበጋ ወራት፣ አልፎም በዋሽንግተን አካባቢ እርጥበት በተሞላው የሐምሌ ሙቀት፣ ይህን ውሻ አየር ማቀዝቀዣ በጠፋበት ቤት ትቶ ወደ ሥራ መሄድ አደገኛ ነው። የአሥር ሰዓት ፈረቃ የሚሠራ ቤተሰብ በበጋ የመብራት ሂሳቡን ከውሻው ወጪ ጋር መደመር አለበት፤ እኩለ ቀን ላይ ውሻውን ለማውጣት የሚከፈለው ሰው በአንድ ጊዜ 20 ወይም 30 ዶላር፣ የውሻ መዋያ ደግሞ በቀን ከ30 እስከ 50 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል።

በአገር ቤት ልማድ ውሻ ግቢ የሚጠብቅ፣ በረንዳ ሥር የሚያድር፣ የገበታ ትራፊ የሚበላ እንስሳ ነው። በዚያ ልማድ ላደገ ሰው «ውሻ ምን ያስወጣል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለጠንካራው የአገራችን ውሻ ነገሩ በተወሰነ ደረጃ እውነት ነበር። ይህኛው ዘር ግን ከቤት ውጭ መኖር አይችልም፤ ሙቀትም ብርድም አይችልም፤ አብዛኛውም ዋና ስለማይችል ጥልቅ ውኃ አጠገብ ያለ ጠባቂ አይተውም። ትራፊውንም በተመለከተ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፤ ወጣችን የሚሠራው በብዙ ቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ሲሆን፣ ሁለቱም ጥሬም ሆነ ተቁላልተው የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርስ መርዛማነት አላቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰነጣጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በዚያ ላይ ውፍረት በዚህ ዘር ላይ ቀጥተኛ የትንፋሽ ጠላት ነው፤ በአንገቱ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ የተረፈችውን ጠባብ መተላለፊያ ይጫናታል። ስለዚህ በየወሩ ለምግቡ የሚወጣው 50 ወይም 70 ዶላር በትራፊ ሊተካ የሚችል ወጪ አይደለም።

ቆዳ፣ ዓይን፣ ጥርስና ጀርባ

የተቀሩትን ሕመሞች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፣ አንዱን ግን ማለፍ አይቻልም። የፊቱ እጥፋት እርጥበትና ቆሻሻ ስለሚይዝ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ካልተጠረገ ይቆስላል፤ ይህ ድካም እንጂ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ፈረንች ቡልዶግ አለርጂ የሚያጠቃው ዘርም ስለሆነ፣ መዳፉን የሚልስና ጆሮው ደጋግሞ የሚመረቅዝ ውሻ ማሳከኩን የሚያስታግስ ዕለታዊ ክኒን ወይም ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደጋገም መርፌ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ይህም ብቻውን በዓመት ከ1,000 ዶላር ሊበልጥ ይችላል፣ አለርጂ ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው። ዓይኑ ወደ ውጭ የወጣና ከፊት የሚከላከልለት ረጅም አፍንጫ የሌለው በመሆኑ ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይኑ የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) ይቧጨራል፤ በ2015 የወጣ ጥናት አጭር ፊት ያላቸው ውሾች በኮርኒያ ቁስለት የመጠቃት ዕድላቸው ከሌሎቹ 20 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አመልክቷል። ዓይኑን የጨፈነ ወይም የሚያጠብብ ውሻ እስከ ነገ ሊጠበቅ አይገባም። የተደራረቡት ጥርሶቹም በማደንዘዣ የሚደረግ እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር፣ ጥርስ ከተነቀለ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ማደንዘዣው ራሱ ለዚህ ዘር የበለጠ ጥንቃቄና የበለጠ ሰዓት የሚፈልግ መሆኑ በሂሳቡ ላይ ይታያል፤ የመተንፈሻው ቱቦ ውሻው በሚገባ እስኪነቃ ድረስ አይወጣለትም፣ አጠገቡም ሰው መቆም አለበት።

ማለፍ የማይቻለው የጀርባው ጉዳይ ነው። የፈረንች ቡልዶግ አጭርና ጥምዝ ጅራት የአከርካሪ አጥንቶች አፈጣጠር መዛባት ውጤት ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2018 ምክንያቱ ዲቪኤል2 በተባለ ዘረመል ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን አሳውቀዋል። ጥምዝነቱ በጅራቱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ በጀርባው መካከል ያሉ አጥንቶችም ግማሽ ቅርፅ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከዚህ በተጨማሪ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ትራስ መሰል ዲስኮች በዚህ ዘር ላይ ያለ ዕድሜያቸው ይደርቃሉ፤ አንዱ ዲስክ ፈንድቶ ኅብለ ሰረሰሩን ሲጫን፣ ትናንት ሲሮጥ የነበረ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ውሻ ዛሬ የኋላ እግሮቹን መጎተት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፣ በተለይም ውሻው ጣቶቹ በኃይል ሲቆነጠጡ ምንም የማይሰማው ከሆነ። የድንገተኛ ክፍል ምርመራው፣ ኤም አር አዩ፣ ቀዶ ሕክምናውና የሆስፒታል ቆይታው ተደምሮ ከ7,000 እስከ 12,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ሆስፒታሉም አብዛኛውን ጊዜ ከግምቱ ከፊሉ ቀድሞ እንዲከፈለው ይጠይቃል። በሌሊት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ ማግኘት የማይችል ቤተሰብ ሊታከም በሚችል ውሻ ላይ የሞት መርፌ ለማስወጋት ሊገደድ ይችላል። ልጆቹ እያዩ ይህን መወሰን ምን እንደሚመስል መገመት ለማንም አይከብድም። በሆስፒታሉ የሚቀርበው የብድር ካርድ በተወሰኑ ወራት ውስጥ ከተከፈለ ወለድ የለውም ቢባልም፣ ብዙውን ጊዜ ቀነ ገደቡ ካለፈ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ወለድ በአንድ ጊዜ የሚጫን ስለሆነ ውሉን ሳያነቡ መፈረም አያስፈልግም።

መድኑ

ስለዚህ የእንስሳት መድን ጉዳይ ለዚህ ዘር ትርፍ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የሚሠራበት መንገድ ከሰው የጤና መድን በእጅጉ ይለያል። በአብዛኛው ባለቤቱ ሂሳቡን ራሱ ለሆስፒታሉ ከከፈለ በኋላ ደረሰኙን ለኩባንያው ልኮ ነው የሚመለስለት፤ የሚመለስለትም ዓመታዊው ዲዳክቲብል፣ ማለትም ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍነው መጠን፣ ከተቀነሰ በኋላ ከቀሪው 70፣ 80 ወይም 90 በመቶው ነው፤ ብዙ ውሎችም ኩባንያው በዓመት ከዚህ በላይ አይከፍልም የሚል ጣሪያ አላቸው። ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም ዲዳክቲብሉ፣ መቶኛውና ጣሪያው፣ ከወርኃዊው ክፍያ ይልቅ ወሳኞች ናቸው።

በምሳሌ ላስረዳ። ወርኃዊ ክፍያው 80 ዶላር፣ ዲዳክቲብሉ 500፣ ተመላሹ 80 በመቶ ነው እንበል። የ4,000 ዶላር የትንፋሽ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ኩባንያው 2,800 ይመልሳል፣ ባለቤቱ 1,200 ይሸከማል። በሌላ ዓመት 9,000 ዶላር የሚጠይቅ የጀርባ ሕክምና ቢመጣ፣ ጣሪያ በሌለው ውል 6,800 ይመለሳል፤ የ5,000 ዶላር ጣሪያ ባለው ውል ግን ተመላሹ 5,000 ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ 4,000 ዶላር ይከፍላል። በአሥር ዓመት የተከፈለው የመድን ገንዘብ 9,600 ዶላር ሲሆን፣ ጣሪያ የሌለው ውል ለሁለቱ ሕክምናዎች የመለሰውም 9,600 ነው። በእውነቱ ክፍያው ከውሻው ዕድሜ ጋር ከፍ እያለ ስለሚሄድ ባለቤቱ በድምሩ የበለጠ ሊከፍል ይችላል። መድን የሚገባው ለማትረፍ ሳይሆን፣ የአሥር ዓመቱ ወጪ በአንድ ሌሊት ተጠራቅሞ እንዳይመጣና የሕክምናው ውሳኔ በባንክ ሂሳቡ መጠን እንዳይወሰን ነው።

ዋናው ወጥመድ ግን ሌላ ቦታ ነው። በአሜሪካ የእንስሳት መድን ኩባንያዎች ውሉ ከመጽናቱ በፊት የታየን ሕመም በአጠቃላይ አይሸፍኑም። ቡችላው ለመጀመሪያ ክትባቱ ሄዶ ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ «የአፍንጫ ቀዳዳው ጠባብ ነው» ብሎ ከጻፈ በኋላ መድን የሚገባ ባለቤት፣ ከዓመት በኋላ የትንፋሽ ቀዶ ሕክምናውን ሲጠይቅ «ቀድሞ የነበረ ነው» የሚል መልስ ሊደርሰው ይችላል። ለሕመም በርከት ያሉ ቀናት፣ ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ደግሞ በአንዳንዱ ኩባንያ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የመጠበቂያ ጊዜም አለ። ስለዚህ ውሉ መገዛት ያለበት ቡችላው ቤት በገባበት ሳምንት ነው፤ ከመግዛቱም በፊት ኩባንያው በዘር የሚወረሱ ሕመሞችን፣ በተለይ ቦአስንና የዲስክ ሕመምን፣ ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

እነዚህን የሕክምና ሂሳቦች ሳይጨምር፣ ምንም ያልታመመ ውሻ ለምግብ 60፣ ለመድን 80፣ ለቁንጫና ለልብ ትል መከላከያ 20፣ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነም አከራዩ ለውሻ ለሚጨምረው ኪራይ 40 ዶላር፣ በድምሩ በወር 200 ዶላር ያህል ይፈልጋል። ዓመታዊ ምርመራና ክትባት 300 ዶላር ሲታከልበት በዓመት 2,700 ይሆናል። ውሻው አሥር ዓመት ቢኖር 27,000 ዶላር ነው፤ በ2024 በብሪታንያ የታተመ ሰፊ ጥናት የፈረንች ቡልዶግን መካከለኛ ዕድሜ 9.8 ዓመት አድርጎታል፣ በዚያው ጥናት ውስጥ የውሾች አጠቃላይ መካከለኛ ዕድሜ 12.5 ዓመት ነበር። ለአንድ ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እስከ ኮሌጅ ምረቃ የሚያደርሰው ገንዘብ ባይሆንም፣ ከደመወዛቸው ላይ ለአገር ቤት ዘመድ በየወሩ ለሚልኩ ቤተሰቦች በግልጽ ተነጋግረው ሊወስኑበት የሚገባ ወጪ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚጣራው

ሻጩ የሚሰጠው የዘር ወረቀት ውሻው ከማን እንደተወለደ እንጂ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ጤናን በተመለከተ የሚጠየቀው ሌላ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያው ኬኔል ክለብ በ2019 ሥራ ላይ ባዋሉት የትንፋሽ ምዘና፣ ሐኪሙ ውሻውን አዳምጦ ለሦስት ደቂቃ ሶምሶማ ካስሮጠው በኋላ እንደገና ያዳምጥና ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 0 ማለት ምልክት የለውም፣ 3 ማለት በጣም የታመመ ነው። በአሜሪካ ይኸው ምዘና ኦኤፍኤ በተባለው የእንስሳት ጤና መዝጋቢ ድርጅት በኩል ይሰጣል። ምዘናው ከአንድ ዓመት በታች ላለ ውሻ ስለማይደረግ ቡችላውን ማስመዘን አይቻልም፤ የእናቱንና የአባቱን ውጤት ግን መጠየቅ ይቻላል። ወላጆቹ 0 ወይም 1 ያገኙበትን የምዘና ውጤትና የአከርካሪያቸውን ራጅ የማያሳይ ሻጭ 4,000 ዶላር ሊጠይቅ አይገባውም። እናቲቱን ቤቷ ድረስ ሄዶ ማየት፣ ስትንቀሳቀስም ማዳመጥ ያስፈልጋል። «በመንገድ ላይ እንገናኝና ላስረክብህ» የሚል ሻጭ፣ ሳያሳይ ቀብድ ላኩልኝ የሚልም፣ ወዲያው ሊተው ይገባል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ሰማያዊ የሚባለው ግራጫማውና ዝንጉርጉሩ መርል የአሜሪካው የዘሩ መስፈርት የማይቀበላቸው ቀለሞች ናቸው፤ ሁለት መርሎች ተዳቅለው የተወለዱ ቡችሎች ደንቆሮ ወይም ዕውር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግራጫማው ቀለም ደግሞ ከፀጉር መርገፍ ጋር ይያያዛል። ለእነዚህ ተጨማሪ ሺህ ዶላሮችን መክፈል ለበሽታ መክፈል ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

«ሴቷን ገዝተን ቡችሎቿን እየሸጥን ገንዘባችንን እንመልሳለን» የሚል ሐሳብም ይሰማል። በ2010 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከፈረንች ቡልዶግ ወሊዶች 81 በመቶ ያህሉ በቀዶ ሕክምና የተደረጉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የቡችሎቹ ጭንቅላትና ትከሻ ሰፊ፣ የእናቲቱ ዳሌ ግን ጠባብ ነውና። ብዙዎቹ እናቶችም የሚፀንሱት በሐኪም በሚደረግ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ነው። አንድ የወሊድ ቀዶ ሕክምና በሺዎች ዶላር ይቆጠራል፣ የሚወለዱትም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ናቸው፣ በየሁለት ሰዓቱም ሌሊትና ቀን መመገብ ሊኖርባቸው ይችላል። ከሁሉ በላይ ለትርፍ ተብላ በየዓመቱ ሆዷ የምትከፈት እንስሳ ሕይወት ያሳዝናል። የኔዘርላንድስ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ የአፍንጫው ርዝመት ከራስ ቅሉ አንድ ሦስተኛ በታች የሆነን ውሻ ማርባትን ከልክሏል፤ ይህ መከራ በአርቢዎች በጎ ፈቃድ ብቻ ስለማይቆም እኔም ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ።

ውሻውን ይዘው ወደ አገር ቤት መሄድ የሚያስቡም አሉ። ብዙ አየር መንገዶች ደፍጣጣ ፊት ያላቸውን ውሾች በዕቃ መጫኛ ክፍል አይቀበሉም፣ በመንገደኞች ክፍል ደግሞ ክብደት ይገድባሉ፤ እስከ 12 ኪሎ የሚመዝን ፈረንች ቡልዶግ ከወንበር ሥር በሚገባ ሳጥን ውስጥ ላይፈቀድለት ይችላል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ተብለው በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከተመዘገቡ አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ወደ አሜሪካ የሚመለስ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው መሆን፣ በአሜሪካ የተሰጠ የእብድ ውሻ ክትባቱም ከመነሳቱ በፊት በሕጋዊው ቅጽ መረጋገጥ አለበት።

ልጆቹ ልባቸው በዚህ ዘር ላይ ካረፈና ቤተሰቡም አቅሙ ካለው፣ ከቡችላ ይልቅ ባለቤት ያጡ የዚህን ዘር ውሾች ተቀብለው ለአዲስ ቤተሰብ ከሚሰጡ ማኅበራት አንድ ጎልማሳ ውሻ መቀበል እንደሚሻል አስባለሁ። የሚከፈለው በአብዛኛው ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ውሻውም ያደገ ስለሆነ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ጀርባው እንዴት እንደሆነ፣ ቆዳው እንደሚያሳክከው አስቀድሞ ይታያል፣ ብዙውን ጊዜም የትንፋሽ ቀዶ ሕክምናውን ማኅበሩ አሠርቶለት ይሆናል። ከዚያ በፊት የታወቁት ሕመሞቹ በመድን እንደማይሸፈኑ ግን ማኅበሩን ስለ ሕክምና መዝገቡ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ውሻው አስቀድሞ በቤታቸው ያለ ሰዎች ደግሞ በአንገቱ ማሰሪያ ፋንታ የደረት ማሰሪያ ቢገዙለት፣ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ እንዲገኝ ክብደቱን ቢጠብቁለት፣ በበጋ የሚያወጡት ከፀሐይ በፊትና ከፀሐይ በኋላ ቢሆን፣ በአቅራቢያቸው ሌሊት የሚሠራውን የእንስሳት ሆስፒታል ስልክ ቁጥርም ዛሬውኑ ቢመዘግቡ፣ ለእነዚህ ሁሉ የሚያወጡት ወጪ ከመቶ ዶላር በታች ነው።